ያልተረሳ ጀግና ፍለጋ

አሜሪካ ውስጥ ባለቤት የሌላቸው ጀግኖች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ በርካሽ ወረቀት እየታተሙ ለልጆች በሳንቲም ይሸጡ የነበሩ የኮሚክ ገጸ ባሕርያት ናቸው። በዚያ ዘመን በነበረው የአገሪቱ ሕግ የአንድ ሥራ የቅጂ መብት 28 ዓመት ሲሞላው ባለቤቱ ካላሳደሰው ያበቃል። ብዙዎቹ አሳታሚዎች ከስረው ተዘግተው ስለነበር የሚያሳድስ ጠፋ። ጀግኖቹም የማንም ሳይሆኑ፣ ወይም የሁሉም ሆነው፣ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሠዓሊው አሌክስ ሮስ ከጂም ክሩገር ጋር ሆኖ «ፕሮጀክት ሱፐርፓወርስ» በተባለው ሥራ ብዙዎቹን ሰብስቦ አስነሳቸው። ከእነሱ ሌላ በራሳቸው ገንዘብና ጊዜ አንድ አንዱን እያነሱ አዲስ ታሪክ የሚጽፉለት፣ አሳታሚ ድርጅት የሌላቸው ሠዓሊዎች ብዙ ናቸው።

ይህን ያወቅሁት አምቦ ከተማ ባነርና የሱቅ ታፔላ እየሠራሁ በምኖርበት ጊዜ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ወንጪ፣ ሐይቁን ቁልቁል የሚያይ ቤት ውስጥ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሥዕል እወዳለሁ። የራሴን ኮሚክ የመሥራት ሐሳብ ግን ምኞት ብቻ ሆኖ ቆይቶ ነበር፤ ምክንያቱም ጀግና መፍጠር አልቻልኩም። የጀመርኩት ሁሉ ሌላ ቦታ ያየሁትን ይመስላል። ስለዚህ ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ የሚወሰድ ጀግና መኖሩን ስሰማ፣ የሚያስፈልገኝን በሙሉ ያገኘሁ መሰለኝ። ያረጁትን መጻሕፍት በኢንተርኔት እያወረድኩ፣ ሌሊት ሌሊት በስልኬ እያነበብኩ ከረምኩ።

የመረጥኩት «ብላክ ቴረር» የሚባለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 የወጣ ገጸ ባሕርይ ነው። ቦብ ቤንተን የሚባል መድኃኒት ቀማሚ ራሱ በቀመመው ነገር ኃይል ያገኛል፤ ደረቱ ላይ የራስ ቅልና የተመሳቀለ አጥንት ያለበት ጥቁር ልብስ ለብሶ ክፉዎችን ይዋጋል። እኔ ይህን ሰው ወደ ወንጪ አመጣሁት። ከገደሉ አፋፍ እየዘለለ ይወርዳል፤ ማዕበል የመታውን ጀልባ ከእነ ተሳፋሪዎቹ ያድናል፤ ደን የሚጨፈጭፉ ወንበዴዎችን ያባርራል። ሥዕሉን በእርሳስ ጀምሬ በቀለም ጨረስኩት። ከሥራ ሰዓት ውጭ በጥቁርና ነጭ አባዝቼ፣ በስቴፕለር አሰርኩና ወንጪ ይዤ ሄድኩ።

መጀመሪያ ያሳየሁት ለጎብኚዎች ፈረስ ለሚያከራዩ ልጆች ነው። በአክብሮት አገላበጡት። አንዱ ደረቱ ላይ ያለውን ምልክት በጣቱ እየነካ፣ «ይሄ ትራንስፎርመር ላይ የሚለጠፈው አይደለም? የመብራት ኃይል ሠራተኛ ነው?» አለኝ። ሌላው የሣልኩትን ፈረስ ብቻ ሲያይ ቆይቶ፣ «ይሄ ፈረስ የእኛ አገር አይደለም» አለ። እውነቱን ነበር። ፈረሱን የገለበጥኩት ከካውቦይ ሥዕል ነው። ልጆቹ በየቀኑ የሚያዩት የተራራ ፈረስ አጭርና ደረተ ሰፊ ነው፤ ዳገት ላይ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ነው የሚወጣው። የእኔው ደግሞ ሜዳ ላይ የሚሮጥ ረጅም ነበር። በፈረስ መካከል አድጌ ፈረስ መሳል ሲገባኝ የማላውቀውን ፈረስ ገለበጥኩ።

ያን ቀን መስማት የነበረብኝን አልሰማሁም። ልጆቹ ኮሚክ ስላልለመዱ ነው ብዬ ራሴን አጽናንቼ ተመለስኩ። ከሠራኋቸው ስህተቶች ሁሉ ዛሬም የሚያሳፍረኝ ይህኛው ነው። የተበላሸ ፈረስ መሳል ይታረማል። ፈረስ የሚያውቅ ልጅ ሲነግርህ አንባቢው አልገባውም ብሎ መሄድ ግን ለመታረም የተዘረጋልህን እጅ መግፋት ነው።

መጋቢት 2009 ዓ.ም. ሊያበቃ ሲል የሌተና ጄኔራል ጃገማ ኬሎ ዜና ዕረፍት ተሰማ። ሲያርፉ 96 ዓመታቸው ነበር። ስማቸውን አውቀው ነበር፤ ምዕራብ ሸዋ ተወልዶ የማያውቅ የለም። ግን የማውቀው ስም ብቻ ነው። በዚያ ሰሞን ስለ እሳቸው የተነገረውንና የተጻፈውን ስከታተል ቆየሁ። በ1913 ዓ.ም. የተወለዱ የደንዲ ልጅ ናቸው። ጣልያን አገሪቱን ሲወር ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከጥቂት ወጣቶች ጋር ጫካ ገብተው በጊንጪና በዙሪያው ያለውን ጠላት መውጫ መግቢያ አሳጡት፤ ነፃነት ሲመለስ ሺዎችን የሚያዝዙ አርበኛ ሆነው ነበር። ሕዝቡ «የበጋው መብረቅ» አላቸው። ደራሲ ፍቅረማርቆስ ደስታም በዚሁ ስም መጽሐፍ ጽፎላቸዋል።

የ15 ዓመት ልጅ፣ ወራሪ ጦር፣ ጫካ፣ እንደ መብረቅ ያለ ቅጽል ስም። ለኮሚክ ሠዓሊ ከዚህ በላይ ምን ይሰጣል? እኔ ግን እሳቸው በሕይወት እያሉ፣ አምቦ ተቀምጬ፣ የጊንጪን መንገድ ወደ አዲስ አበባ ስመላለስበት እየኖርኩ፣ የተረሳ ጀግና ፍለጋ አሜሪካ ድረስ ሄጄ ነበር። አንድ ቀን ሄጄ «ጌታዬ፣ ጫካ ውስጥ ምን ትበሉ ነበር?» ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። ያን ጥያቄ አሁን የሚመልስልኝ የለም። ይህ ጸጸት አብሮኝ ይኖራል።

ጸጸት ደግሞ ያስቸኩላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ብስራት ደበበ የመሠረተው ዕጣን ኮሚክስ «ጀምበር»ን አወጣ። ሥራ ፈላጊ የሆነ የአዲስ አበባ ወጣት ልዩ ኃይል ሲያገኝ የሚያሳይ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የተዘጋጀ የልዕለ ኃያል ታሪክ ነው። በቀጣዩ ዓመት «ሃዊ» የምትባል ሴት ጀግና ተከተለችው። ሁለቱንም በደስታ አነበብኩ፤ ከደስታዬ ጋር ግን ፍርሃት ነበረ። ሌላ ሰው ጃገማን ቀድሞ ይሠራቸዋል ብዬ ፈራሁ። እንደ ንብረት ቆጠርኳቸው ማለት ነው። ብላክ ቴረርን ሳነሳ የለመድኩት አስተሳሰብ አልለቀቀኝም፦ የተጣለ ነገር አለ፣ ቀድሞ ያነሳው ይወስደዋል።

ስለዚህ ማንንም ሳልጠይቅ ሣልኩ። የእኔው ጃገማ ፊቱን በጭምብል ሸፍኗል፤ ራሱ ላይ የብረት ቆብ ደፍቷል፤ ካባው በነፋስ ይውለበለባል፤ ከመዳፉ መብረቅ ይወረውራል። በየገጹ ብቻውን ነው። ጣልያኖች በጅምላ ይወድቃሉ። ገበሬዎች በሥዕሉ ጥግ ቆመው በአድናቆት ያያሉ፤ አንዳቸውም ስም የላቸውም። ሥዕሉ ከመጀመሪያው ሥራዬ በጣም የተሻለ ነበር፤ በዚህም ኮራሁ።

ከማሳተሜ በፊት አንድ የደንዲ ጓደኛዬ፣ አባቱ በጣልያን ጊዜ ሕፃን እንደነበሩና ብዙ ነገር እንደሚያስታውሱ ነገረኝ። ለምርቃት ያህል ሄድኩ። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ገጾቹን አንድ በአንድ፣ እኔ ከጠበቅሁት በላይ በዝግታ አዩአቸው። የተነጋገርነው በኦሮምኛ ነው።

«ይሄ ማነው?» አሉኝ።

«ጃገማ ኬሎ ነው፣ አባባ።»

«ፊቱን ለምን ሸፈነ?»

«ጠላት እንዳይለየው ነዋ።»

«ጣልያን እንዲለየው አይደለም እንዴ የሚፈለገው? ስሙን ሲሰማ እንዲደነግጥ? ልጄ፣ ፊቱን የሚሸፍን ሌሊት የሰው ከብት የሚነዳ ነው።» ቀጥለው ጣታቸውን ብረት ቆቡ ላይ አሳርፈው፣ «ጎፈሬውስ የታለ?» አሉ።

የምለው አጣሁ። የጃገማን የአርበኝነት ዘመን ፎቶግራፍ ያየ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ያንን ትልቅ ጎፈሬ ነው። እኔም አይቼዋለሁ። ግን ጀግና ራሱ ላይ የሆነ ነገር ማድረግ አለበት ብዬ፣ ሰውየውን በሩቁ የሚያስለየውን ነገር በብረት ከደንኩት።

መብረቁንም ጠየቁኝ። ከእጁ የሚወጣው ለምን እንደሆነ አልገባቸውም። እንደ ሽማግሌው አባባል ስሙ የወጣው ከጃገማ አመጣጥ ነው። በክረምት መብረቅ ሁሉም ይጠብቃል፤ በበጋ ግን ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ማን ይጠብቃል? ጃገማም ጠላት ተረጋግቶ በተቀመጠበት ሰዓት ይደርስበታል። ከዚያ ሽማግሌው ስለ እናታቸው አወሩኝ። ሌሊት በሶ ይቋጥሩ እንደነበር፣ የቋጠሩትን እረኛ ልጅ ወስዶ ከዛፍ ሥር እንደሚያስቀምጠው፣ ያ ሲታወቅ ቤት እንደሚቃጠል። እያወሩ ቆይተው በመሀል ድምፃቸውን ቀየሩና የኦሮሞን የጀግንነት ዜማ፣ ጌራርሳን፣ ጀመሩ። በዕድሜ የደከመ ድምፅ ነው፤ ግን የአርበኞቹን ስም ከእነ ፈረሶቻቸው እየጠራ አንድም ሳያስቀር ሄደ። የጃገማ ስም እዚያ ውስጥ ነበር። የእኔ ገበሬዎች ስም አልነበራቸውም፤ በእሳቸው ጌራርሳ ግን ስም የሌለው ሰው አልነበረም።

የዚያን ቀን ገባኝ። የተረሳ ጀግና አስነሳለሁ ብዬ ነበር የተነሳሁት። የረሳሁት ግን እኔ ነበርኩ። ሰውየው እዚያው ባሉበት፣ በሚገባቸው መልክና በሚገባቸው ቋንቋ፣ ከእነ ጎረቤቶቻቸው ይኖራሉ። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን አንድን ጀግና «የተረሳ» ብለን የምንጠራው ብዙ ጊዜ እኛ ራሳችን ሳንጠይቅ ስለኖርን ነው። ቃሉ እኛን አዳኝ፣ ባለታሪኮቹን ደግሞ ዝምተኛ ያደርጋል።

ወደ አምቦ ስመለስ የሽማግሌው የመጀመሪያ ጥያቄ አልለቀቀኝም፦ ፊቱን ለምን ሸፈነ? መልሱን ያገኘሁት በልጅነቴ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያየሁትን ሥዕል ሳስታውስ ነው። በእኛ አገር የቆየ የአሣሣል ሥርዓት ቅዱሳንና ደጋጎች ሙሉ ፊታቸው፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ይታያሉ። ሰይጣንና ክፉ ሰው ግን በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። የዐድዋን ጦርነት በሚያሳዩት ሥዕሎችም ኢትዮጵያውያኑ ወደ ተመልካቹ ዞረው፣ ጣልያኖቹ በጎን ሆነው ይታያሉ። በላቸው ይመርን የመሳሰሉ የባህል ሠዓሊዎች ይህን ሥርዓት ይዘው ሠርተዋል። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በ44 ሣጥኖች ተከፋፍሎ፣ ከእያንዳንዱ ጋር አጭር ጽሑፍ ተጨምሮበት በሸራ ሲሣል ኖሯል። ይህ ኮሚክ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? እኔ ኮሚክን ከባሕር ማዶ የማመጣው ነገር አድርጌ ሳስብ፣ ሣጥን በሣጥን ታሪክ የማንበብ ልማድ እዚሁ ነበረ። ሽማግሌውም ሥዕሌን ያነበቡት በዚያ ልማድ ነው። ዓይኑ የማይታይ ሰው ሲያዩ ጠላት ነው ብለው አነበቡ። አነባበባቸው ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ጽሑፉ ነው።

ከዚያ ወዲህ እነዚያን የአሜሪካ መጻሕፍት መልሼ ሳነብ ሌላ ነገር አየሁ። እ.ኤ.አ. በ1944 ቹ ሂንግ የሚባል ቻይናዊ አሜሪካዊ ሠዓሊ «ግሪን ተርትል» የሚባል ጀግና ሣለ። ቻይናን ከጃፓን ወረራ የሚከላከል ባለ ጭምብል ነው። የሚገርመው ፊቱ በሚገባ አይታይም፤ ወይ ጀርባውን ይሰጣል፣ ወይ ክንዱ ወይ ካባው ይጋርደዋል። ሠዓሊው ጀግናውን ቻይናዊ ሊያደርገው ፈልጎ አሳታሚው ስለከለከለው ፊቱን ደበቀው ይባላል። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ተቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ2014 ጂን ሉን ያንግና ሠዓሊው ሶኒ ሊው «ዘ ሻዶው ሂሮ» በሚል ርእስ አስነሱት። ገጸ ባሕርዩ ነፃ ስለነበር እንዳሻቸው ማድረግ ይችሉ ነበር። እነሱ ግን የመጀመሪያው ሠዓሊ ትቶት የሄደውን ጥያቄ አነሱ፦ ይህ ሰው ማነው? የማን ልጅ ነው? ፊት ሰጡት፤ እናት ሰጡት፤ በቻይናውያን ሰፈር የሚኖር የስደተኛ ቤተሰብ ሰጡት። ፊቱ የተሸፈነውን ሰው ገለጡት። እኔ ደግሞ ፊቱ የተገለጠውን ሸፈንኩ።

«ላየን ማን»ም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ኦሪን ኤቫንስ የተባለ የፊላዴልፊያ ጥቁር ጋዜጠኛ፣ ጸሐፊዎቹም ሠዓሊዎቹም ጥቁሮች የሆኑበትን «ኦል ኒግሮ ኮሚክስ» አሳተመ። ላየን ማን በዛሬይቱ ጋና ምድር የሚዋጋ ጀግናው ነበር። ሁለተኛው ቁጥር ተዘጋጅቶ ሳለ ወረቀት የሚሸጥለት ጠፋና በአንድ ቁጥር ቀረ። ከ75 ዓመት በኋላ ክሪስ ሮቢንሰን መጽሐፉን መልሶ ሲያሳትም፣ የዛሬ ጥቁር ደራሲዎችና ሠዓሊዎች በእነዚያው ገጸ ባሕርያት አዳዲስ ታሪክ እንዲሠሩ ጋበዘ። የመጀመሪያውን ሥራ ሳይነካ አስቀደመ፤ አዲሱን ከጎኑ አኖረ። ሕጉ ከሚጠይቀው በላይ አከበረው።

ሕግን ካነሳሁ፣ እኛ አገር ስላለው ነገር ልንገራችሁ፤ እንደ እኔ የሚቸኩል ወጣት ሊኖር ይችላልና። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የአሜሪካኖቹ ዓይነት ያልታደሰ መብት እኛ ዘንድ የለም፤ ስለዚህ መጽሐፍ አረጀ ተብሎ አይወሰድም። ጃገማ ኬሎ ደግሞ የደራሲ ፈጠራ አይደሉም፤ ሰው ናቸው። የታሪክ ሰው ሕይወት እንደ መጽሐፍ ባለቤት የለውም ብዬ እከራከር ነበር። ይሆናል። ግን የሚያዝኑላቸው ሰዎች በሕይወት አሉ። የአባቱን ፊት በጭምብል ተሸፍኖ የሚያይ ልጅ ምን ይሰማዋል ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም ነበር።

ሌላም ያልገባኝ ነገር ነበር። ጄኔራሉ ከጫካ ወጥተው ረጅም ዕድሜ ኖረዋል፤ በንጉሡ ጦር ውስጥ ከፍ ያለ ማዕረግ ደርሰዋል፤ ባሌን አስተዳድረዋል። በ1962 ዓ.ም. ግድም ከባሌው የአመፅ መሪ ከዋቆ ጉቱ ጋር በተደረገው ስምምነት ስማቸው ይነሳል። ጊንጪ ላይ ነፃ አውጪ የሆነ ሰው ባሌ ላይ የመንግሥት ጄኔራል ነበር። ደንዲ ያለ ሽማግሌና ባሌ ያለ ሽማግሌ ስለ እሳቸው አንድ ዓይነት ነገር ላይናገሩ ይችላሉ። ካባ የለበሰው የእኔ ጀግና ይህን ሁሉ መሸከም አይችልም ነበር፤ ክፉና ደግ ብቻ ነው የሚያውቀው። እውነተኛው ሰው ይችላል። ሁለቱን ሽማግሌዎች በአንድ መጽሐፍ ማስቀመጥ ከቻልኩ፣ ያ ከመብረቅ መወርወር የበለጠ የጀግና ታሪክ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

አሁን የምሠራው ሌላ ነው። የጄኔራሉን ታሪክ በስማቸው ለመሥራት ቤተሰባቸውን ማግኘትና መጠየቅ እንዳለብኝ ወስኛለሁ፤ እስከዚያ ድረስ እሳቸውን አልሥልም። የጀመርኩት የዚያን በሶ ተሸካሚ እረኛ ታሪክ ነው። ስሙን የሰጡኝ ሽማግሌው ናቸው። የሚናገረው በኦሮምኛ ነው፤ ከሥሩ አማርኛው ይገባል፤ ምክንያቱም ታሪኩን የሰማሁት በኦሮምኛ ሲሆን ወንጪን የሚጎበኘው አንባቢ ብዙ ጊዜ የሚያነበው በአማርኛ ነው። አርበኞቹ ወደ አንባቢው ዞረው፣ በሁለት ዓይን ያያሉ። ፈረሶቹን የሚያርሙልኝ ያኔ ያልሰማኋቸው የወንጪ ልጆች ናቸው። አሁን ትልልቅ ሆነዋል፤ ኮርቻው የቱ ጋ እንደሚቀመጥ፣ ዳገት ላይ ልጓሙ እንዴት እንደሚያዝ ወረቀቱ ላይ ምልክት እያደረጉ ይመልሱልኛል። ሥራው በዚህ የተነሳ በጣም ይዘገያል። ድሮ ቢሆን ያበሳጨኝ ነበር።

ይህን የምታነቡ፣ ሥዕልም ሠራችሁ፣ ድራማም ጻፋችሁ፣ ወይም ለልጆቻችሁ ተረት ብቻ አወራችሁ፣ በየሰፈራችሁ ስሙ የጠፋ የሚመስል ሰው አለ። ወሊሶ የምትኖሩ የአርበኛውን የደጃዝማች ገረሱ ዱኪን ስም ታውቃላችሁ፤ ከስሙ በላይ ምን ያህል ታውቃላችሁ? ስሙ ያለው በማን አፍ ነው? በዕድሜ የገፉት ሰዎች ቤት የት ነው? ሳትስሉ በፊት ሂዱ። ሥዕላችሁ ካለቀ በኋላ ለምርቃት ሳይሆን፣ ገና ወረቀቱ ባዶ ሳለ ለመጠየቅ ሂዱ። እኔ ለአንድ ሰው ዘግይቻለሁ። የሚነግሩን ሰዎች ደግሞ አይጠብቁንም፤ የደንዲው አባባ ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ ሥዕሉን ሳይሆን ጥያቄያችንን ነው አሁን የሚፈልጉት።